ለነፍሱ የሣለ

አማተር ሠዓሊ መዳፍ የምታህል የዘይት ቀለም ሥዕል ሲያሳየን ከሥዕሉ የረዘመ ሐተታ አብሮ ያሸክመናል፤ ጀምበሯን አይቶ ማለፍ አይቻልም፣ ስትጠልቅ ነፍሱ ምን እንዳለችውም ይሰማል። የዚህ ማኅበር የክብር ሊቀ መንበር ዊንስተን ቸርችል ነው። የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሽፎ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ሌላው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር፤ እሱ ቀለም ገዛ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ስለ ሥዕል ደስታ በመጽሔት ጻፈ።

«ያለ ስሙም ችሏል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በ1947 ዴቪድ ዊንተር በሚል ስም ለለንደኑ ሮያል አካዳሚ የላካቸው ሁለት ሥዕሎች ተቀባይነት አግኝተዋል። ነገር ግን ቁመቷ ግማሽ ሜትር የማይሞላው የማራኬሽ ሥዕሉ በ2021 ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ስታወጣ፣ ተጫራቾቹ የተሻሙት ለአቶ ዊንተር አልነበረም። ምስኪን ዊንተር! «ለነፍሱ ቢሥልስ ምን አለበት?» ምንም። ለነፍስ የተሣለው እኛ ሳሎን ድረስ ከነማብራሪያው ባይመጣ ማን ይናገር ነበር? ቸርችል እንኳ ሐተታውን ራሱን በቻለ መጽሐፍ ያወጣው በ1948፣ መጀመሪያ ጦርነት አሸንፎ ነው።