ከግርጌ ወደ ራስጌ

የባለሥልጣን ምስል የሚሥል ሠዓሊ ሐውልት ይገባዋል። ሌላው ሠዓሊ ገዢ ፍለጋ ሲንከራተት እሱ ትዕዛዝ አጥቶ አያውቅም፤ መንግሥት ሲገለበጥ እንኳ ከሥራ የሚባረረው ሹሙ እንጂ ሠዓሊው አይደለም። አዲስ አበባ፣ ሲግናል አካባቢ ፊርማ ለማስፈረም ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ባለጉዳይ የዚህን ሙያ ጥቅም አይስተውም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ፣ ከባዶው ወንበር በላይ የተሰቀለው ፊት ግን በሰዓቱ ገብቶ ይጠብቀዋል። ከቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ቀርቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።

የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ይህን ብልሃት አልደረሱበትም። ከሲግናል ቀና ሲሉ በሚታየው የእንጦጦ ጋራ ላይ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ሲነግሡም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ የታወቀ ነበር፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጥእ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ገንዘብ አውጥቶ ያሠራው ሰው ደግሞ ከግርጌ ይደፋል። እቴጌ ምንትዋብ እንኳ በጣናዋ ናርጋ ሥላሴ የተሣሉት ከነጌጠኛ ልብሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። ዘመናዊው ሠዓሊ ይህን ኋላ ቀር ሥርዓት አሻሻለው። ሹሙን ከግርጌ አንሥቶ ራስጌ ሰቀለው፣ ሁለቱንም ዓይን ሰጠው፤ ገንዘቡን የሚያወጣውን ግብር ከፋይ ግን ከሥዕሉ ጭራሽ አስወጣው።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሲከበር ሙያው በአደባባይ ተመሰከረለት። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ጺም በአብዮት አደባባይ በግዙፉ ተንዠረገገ፤ በዚያው ወቅት ሰሜኑ በረሃብ ያልቅ ነበር። እህል ጠፋ እንጂ ቀለም አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ደግሞ ማተሚያ ማሽኑ ብሩሹን ተክቶ ቢሮውንም መንገዱንም በምስላቸው ሞላው።

«ፈረንጁስ ይሰቅል የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይሰቅላል፤ አሠራሩን ግን አልቻለበትም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1954 እ.ኤ.አ. ለጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል 80ኛ ልደት ምስላቸውን እንዲሥል ሠዓሊውን ግራሃም ሰዘርላንድን ቢያዝዘው፣ እሱ ያየውን እርጅና እንዳለ ሣለ፤ ቸርችል ጠሉት፣ ሥዕሉም በኋላ በቤተሰባቸው ትዕዛዝ ጠፋ። የኛ ሠዓሊ እንዲህ ዓይነት ስሕተት አይሠራም፤ ሹሙ ሃያ ዓመት ቢገዛ አንዲት ሽበት አያስነካውም። «እንጀራው ነው፣ ምን ያድርግ?» ለሚል ደግሞ ልክ ነህ እንላለን። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ያስተማሩት መሣልን እንጂ መስቀልን አይደለም። ሰቃዩ ሌላ ነው፤ በሰው ገንዘብ የራሱን ፊት የሚያዝዘው።

ስለዚህ ምስሎቹ ይውረዱ ብለን አንሟገትም፤ የአባቶች ወግ ይመለስ ነው የምንለው። ምስሉን የሚፈልግ ሹም ከደመወዙ ይክፈል፣ ስሙ ይጻፍ፣ መዳፍ አክሎ ከግርጌ ይደፋ፤ ራስጌውን ለባለጉዳዩ ይልቀቅ። በዚህ ደንብ ተስማምቶ ምስሉን የሚያሠራ አንድ እንኳ ከተገኘ፣ እሱስ በሁለት ዓይኑ ቢሣል አይበዛበትም።