ነጻው ለምን በነጻ ይነበባል?

መክሰር ያልለመደ ነጋዴ አይሆንም ይባላል። በወልቂጤና በቡታጅራ ለኤምቢኤ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ታዲያ ክፍል ሳይገቡ ይህን ምዕራፍ ጨርሰውታል። ደመወዛቸው ከወር ወር አያደርስም፤ ስለዚህ እንደ ሀብታም በዘፈቀደ አያባክኑም። በዕቅድ ነው የሚያባክኑት። ይህን ጥበብ ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ነው።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ጉብሬ ላይ በሩን ከከፈተ ወዲህ ዲግሪ ደጃችን ድረስ መጥቶልናል። ማስተርስ ግን ኬላ አለው። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ «ጋት» የምንለውን፣ ያላለፈ አይገባም። የሚፈተነው ቁጥር፣ ቋንቋና ማመዛዘን ነው። ለዚህ የሚሆን መለማመጃ ሞልቷል፤ ነውሩ ነጻ መሆኑ ብቻ ነው። ካን አካዳሚ ከክፍልፋይ እስከ ስታትስቲክስ ያለ ክፍያ ያስተምራል። ውጭ አገር ቢዝነስ ለመማር የሚፈተኑት «ጂማት» የሚባል ፈተና ባለቤቶችም ለፈለገ ሁሉ ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተና በነጻ ይሰጣሉ። ግን ነጻ ነገር ምን ያደርጋል? አስተዋይ ተፈታኝ ያንኑ ጥያቄ ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ግማሽ ገጹ ጠቁሮ፣ መልሱ ተቆርጦ፣ ከፍሎ ይገዛዋል። የጠቆረው ገጽ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያፈጥ ያየ ሁሉ «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» ይላል። ንጹሕ ገጽ ያነበበን ማን ያደንቃል?

ከጥራዙ ከፍ ያለው ማዕረግ የቴሌግራም «ቪአይፒ ግሩፕ» ነው። የሚገባውም በቴሌብር ከፍሎ የደረሰኙን ስክሪንሾት የላከ ብቻ ነው። የግሩፑ ባለቤት ስሙ አይታወቅም፤ ፎቶው የአንበሳ ነው፤ ፈተናውን ግን «ከውስጥ» አግኝቶታል። እንዲህ ያለ ምሥጢር እጁ የገባ ሰው ለማያውቀው የቡታጅራ መምህር በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው። ሰውየው ለወገን አሳቢ ሆኖ ነው እንጂ! የፈተናው ዕለት ከሸጠው ውስጥ አንዲት ጥያቄ ባትመጣም «ፈተናው ተቀይሯል» ብሎ ያሳውቃል፤ ለቀጣዩ ዙርም ምዝገባ ይከፍታል። ሦስት ጓደኛ ይዞ ለመጣ ቅናሽ አለው።

ታሪክ እየጠቀሰ የሰው ተስፋ የሚያፈርስ አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ስኮርቶፕ የሚባል ድረ ገጽ በወር 30 ዶላር እያስከፈለ እውነተኛ የጂማት ጥያቄ ሲያሳይ ተደርሶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በፍርድ ቤት ተረትቶ የ84 ሰዎች ውጤት ተሰርዟል ይላችኋል። እኛው ዘንድ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ቢወጣ ሁሉም ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ ይላችኋል። አትስሙት። ይህ ሁሉ የሚያሳየው እውነተኛ ስርቆት አደገኛ መሆኑን ነው። የውሸት ስርቆት ግን ማንንም አያስከስስም፤ ውጤትም አያሰርዝም፤ የሚሰረዝ ውጤት የለማ! የእኛ ቪአይፒ እንደዚህ አስተማማኝ ነው።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ከሁለት ከተማ የተነሡ ሁለት ባቡሮች የት ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ ባቡር ለማያልፍባቸው ለወልቂጤና ለቡታጅራ ልጆች እንደሚከብድ አይካድም። ደግነቱ ቡታጅራ ገበያ የማረቆ በርበሬ የምትሸጥ እናት አለች። ርጥቡ ሲደርቅ ስንት እንደሚጎድል፣ የቀላውን ዛላ ከፈዘዘው ጋር በምን ልክ ቀላቅላ በስንት ብትሸጠው ስንት እንደሚተርፋት፣ ሚዛኑ ሳይረጋ ትነግራችኋለች። ይህች ስሌት ጂማት ላይ «የድብልቅ ጥያቄ» ተብላ ስንቱን ትጥላለች። ልጇ ግን ከእናቱ አይማርም፤ እናት ሰርተፊኬት አትሰጥም። እሱ ጓዳ ገብቶ «ሾርትከት» ይሸመድዳል።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል በዝርዝር መሸምደድ ይመከራል፤ አንድ አንቀጽ አንብቦ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ማሰብ ግን ጊዜ ማባከን ነው። ፈተናው የሚጠይቀው እሱኑ መሆኑ የፈታኞቹ ተንኮል ነው።

በሊስትሮ ጀምሮ መርካቶ ጅምላ አከፋፋይ የሆነው አጎትም ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ ነገር ያበላሻል። «ልጄ፣ ለዚህ ወረቀት ስንት አወጣህ? ስንትስ ይመልስልሃል?» ይላል። ምን ይደረግ፣ አልተማረም! የሚያውቀው ወጪና ገቢ፣ ትርፍና ኪሳራ ብቻ ነው። ስለ ቢዝነስ ምኑንም አያውቅ።

አጎት ያላወቀው መሥሪያ ቤቱን ነው። እዚያ የደረጃ ዕድገት ሲወጣ «ምን ትችላለህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ወረቀት ይቆጠራል። ወረቀት የሚቆጥር አለቃ ባለበት አገር ወረቀት የሚቸረችር አይጠፋም። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በኮምፒውተር ለሚሰጥ ፈተና ሊቀመጥ መብራት እየጠበቀ፣ ከልጆቹ ወተት ቀንሶ ፓኬጅ እየሞላ፣ ባለ አንበሳው ቢያገኘው ምን ይገርማል?

አንዳንድ ክፉ መካሪዎች አምስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ ዕቁብ ጣሉና ዳታውን በጋራ ሙሉ፤ ነጻውን መለማመጃ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ የተሳሳታችሁትን አንዳችሁ ለሌላው አስረዱ ይላሉ። የጉራጌ እናቶች ቅቤ በተራ እያጠራቀሙ ኖረው የለም ወይ ብለውም ይከራከራሉ። ከዚህ ምክር ራቁ። ርካሽ ነው፤ ያሳውቃል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስታልፉ «ከውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ ለመኩራራት አይመችም።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የቢዝነስ ትምህርት ክፍሎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባለ ቪአይፒው ተፈታኝ ከሚፈተን ይልቅ የቴሌብር ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አስጠርዞ ያቅርብ፤ እንደ መመረቂያ ጽሑፍም ይቆጠርለት። በነጻ የሚገኝን ዕቃ በዋጋ ገዝቷል፤ ያላየውን ሸቀጥ ከማያውቀው ሻጭ ተረክቧል፤ ከስሮም እንደገና ተመዝግቧል። ስለ ኪሳራ ከዚህ የተሟላ ጥናት ማን ያቀርባል? ማዕረጉ ግን ለባለ አንበሳው ይሰጥ። ከሁለቱ ቢዝነስ የገባው እሱ ነው።