የሳቅ ትርፍ ሰዓት

በየድርጅታችን በሥራ መዘርዝር ያልተጻፈ፣ እርከን ያልወጣለት፣ ግን ማንም የማያመልጠው አንድ ሥራ አለ፤ በኃላፊው ቀልድ መሳቅ። ይህን የመሰለ ሙያ እስከ ዛሬ በነፃ ማሠራታችን ግፍ ነው።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀልዱ የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅ ያሻል፤ ቀድሞ የሳቀ ችኩል፣ ዘግይቶ የሳቀ አኩራፊ ይባላል። መጠንም አለው። የቡድን መሪ ቀልድ ጥርስ በማሳየት ይታለፋል። የዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ጠረጴዛ መምታትን፣ ዓይን መጥረግን፣ ሲብስም «ኧረ ገደሉን!» ማለትን ይጠይቃል። ቀልዱ ባለፈው ሳምንት የተነገረው ራሱ ከሆነማ ጉድ ነው፤ አዲስ እንደሰማ ሰው መደነቅ የግድ ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የተቀለደበት ሰው ድርሻ ነው። ያላገባችውን የሒሳብ ሠራተኛ «ምነው፣ ጨረታ እናውጣልሽ እንዴ?» ይሏታል፣ በሙሉ ስብሰባ ፊት። ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችውን «ወንበሩ ይችልሻል?» ይሏታል። ሪፖርት የሚያነበውን ልጅ ደግሞ የአገሩን ቅላጼ እየተከተሉ ይደግሙለታል። እነዚህ ሰዎች ከሁሉ ቀድመው፣ ከሁሉ አስበልጠው መሳቅ አለባቸው። ካልሳቁ «ጨዋታ አታውቁም እንዴ? ቀልድ እኮ ነው!» ይባላሉ። የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ «ተግባቢነት» ከሚለው ረድፍ ላይ ነጥብ የምትጎድለውም ያኔ ነው። ለነገሩ ኃላፊያችን ቂም አይዙም፤ ነጥብ ብቻ ነው የሚይዙት።

ወዳጆቻቸው «የዘመኑ አለቃ ገብረ ሐና» ይሏቸዋል። እውነትም ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ብቻ ነው። አለቃ በነገር ሲወጉ ሹማምንቱንና ቤተ መንግሥቱንም አይምሩም ነበር ይባላል። የእኛው ሰው ቀልድ ደረጃ መውጣት አይችልም፤ ከቢሮአቸው ወደ ታች ብቻ ይወርዳል፤ ሒሳብ ክፍል ደርሶ፣ በመዝገብ ቤት አልፎ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ያርፋል። የቦርዱ ሰብሳቢ የመጡ ዕለት ግን ቀልድ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ያን ዕለት ሳቂው እሳቸው ናቸው። በሙያው ከማናችንም ይበልጣሉ ማለት ይቻላል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማማ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ማግባባትን ያነሳል። ኃላፊያችን ማንን አግባቡ? ምንም አልጠየቁም፤ የአንዷን ሠራተኛ ቀሚስ አይተው አፏጩ፣ ሰው ሳቀ፣ አለቀ። አንቀጽ 32 ደግሞ ሰብአዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት የተፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። እንዴት ያለ ቸርነት ነው! የተዋረደችው ዕቃዋን ሰብስባ ትወጣለች፣ ካሳዋን ለመቀበል ትመላለሳለች፤ ቀልደኛው ከነወንበሩ ይቀራል፤ በምትኳም አዲስ ተሳቂ ይቀጠርለታል።

እንግዲህ ቀልዱ የማይቀር ከሆነ ሳቁ ይከፈልበት። አዲስ ስሌት መፍጠር አያስፈልግም፣ አንቀጽ 68 ጨርሶታል። ከሥራ በኋላ ቀን ላይ ለተሳቀ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ለሚለቁት ቀልድ እያለቀሰ የሚስቀውን ፊት የላከ ሁሉ በ1.75 ይታሰብለታል። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በሠራተኛ ሰርግ ላይ ለቀለዱት ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን 2.5 እጥፍ። ቀልዱ በራሱ ላይ የተቀለደበት ሰው በተጨማሪ የአደጋ ተጋላጭነት አበል ያግኝ።

አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ይህን ኮታ ኃላፊያችን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጨርሱታል። ከረቡዕ በኋላ የሚመጣውን ቀልድ ብቻቸውን ይሳቁበት። የሥራ መሪዎች በአዋጁ ስለማይሸፈኑ፣ የፈለጉትን ያህል ሰዓት ቢስቁ ድርጅቱ ምንም አይከፍልም።