ለብሔራዊ ዐውደ ርእይ መሻሻል የቀረበ የትሕትና አሳብ

የዘመናችን ሠዓልያን ሥራ የሚታይበት ብሔራዊ ዐውደ ርእይ ይሻሻል ዘንድ አሳብ አዋጡ ከተባልን፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማመለክተው ሥዕሎቹ እንዲቀነሱ ነው፤ መርቀው የሚከፍቱት ክቡራን የሚቆሙበት ግድግዳ በሥዕል ከተያዘ፣ ፎቶግራፍ አንሺው መከራውን ያያልና። የሚቆረጠውም ሪባን፣ በዕለቱ ከተሰቀሉት ሥራዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ዓይን የሚያርፍበት ስለ ሆነ፣ ክፈፍ ተበጅቶለት ቢሰቀል ፍትሕ ነው። የጥለት ኅብረ ቀለም ሲያዋሕድ የሚውለው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መጥሪያ አይደርሰውም፤ አለመምጣቱም ደግ ነው፣ ቀለሙ ስለ ምን እንዳልተስማማ ይጠይቅ ነበርና።

ለሠዓሊው ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ ይሙት፣ ቢቻለውም በባዕድ ምድር ይሙት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በስደት ዐረፈ፤ በጀርመን አገር የነበሩ ሥዕሎቹም ስድስት ኪሎ በስሙ ወደ ተሰየመው ሙዚየም ለመግባት የጠበቁት 27 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ይህን የመሰለ ፍጥነት ከወዴት ያገኛል?

ሙዚየሙ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ጥቂት የእግር መንገድ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ንግግር የማይደረግበትን ቀን መርጠህ ሂድና እይ።