ወንበሩ አንድ፣ አባቱ ብዙ

«ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት ደግሞ ምን ስፖርት ነው?» አለኝ ወዳጄ፣ እሁድ ከሰዓት ፎርሙላ ዋን ላይ አፍጥጬ ሲያገኘኝ።

«በመቀመጥ ቢሆንማ አንተ እስካሁን ሦስት ዋንጫ ነበረህ።»

ሶፋው ላይ ተደላድሎ መኪኖቹን አየ። «አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚጭኑት? ትርፍ የለም?»

«ትርፍ የለም። ወንበሯ አንድ ናት፤ ይህ ሁሉ ግብግብ ለእሷ ነው።»

«ወንበር ካልክማ ገባኝ።» (ወንበር ሲባል የማይገባው ያገራችን ሰው አለ?)

እንግዲያው ኤስቴባን ኦኮንን ልንገርህ አልኩት። በፈረንጆቹ 1996 ፈረንሳይ ውስጥ ኤቭሩ በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ተወለደ። አባቱ መካኒክ ነው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ካርት መንዳት ጀመረ። ካርት ጣሪያም በርም የሌላት፣ ከመሬት ስንዝር የማትርቅ ሚጢጢ መኪና ናት፤ ዛሬ ፎርሙላ ዋን የሚነዱት ሁሉ ማለት ይቻላል በእሷ ነው የተጠመቁት። ሚጢጢ መሆኗ ግን እንዳይሸውድህ። ጎማ ትበላለች፣ ሞተር ትበላለች፣ የቤንዚንና የመንገድ ትላለች፣ በመጨረሻ ቤት ትበላለች። የኦኮንን ቤት በላች። ወላጆቹ ቤታቸውን ሸጠው ካራቫን ውስጥ ገቡ፤ በመኪና የሚጎተተው ቤት። ቤተሰቡ እዚያው እያደረ ከውድድር ውድድር ልጁን ይዞ ዞረ።

«ሰውየው ጤነኛ ነው? ቤት ሸጦ ጎማ!»

«ለሠርጉ ቤቱን የሸጠ ሰው አንተም ታውቃለህ። ያውም ትዳሩ ሦስት ዙር ሳይሞላ ከመንገድ ወጣ።»

«ካራቫኑም ለካ ጎማ አለው» አለ ወዳጄ። «ሰውየው ቤቱን በጎማ ለወጠው እንጂ መች ሸጠው!»

ይቺን ለራሱ ተውኩለት። ጥሩ ናት።

በ2014 ኦኮን ፕሬማ ለሚባለው የጣልያን ቡድን በአውሮፓ ፎርሙላ 3 ነዳ። ዘጠኝ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ውድድር፣ ማክስ ቨርስታፐን የሚባል ጎረምሳ አሥር አሸነፈ።

«ሻምፒዮኑ ማን ሆነ?»

«ኦኮን።»

«አሥር ያሸነፈውስ?»

«ሦስተኛ። ጨዋታው ነጥብ መልቀም ነው፤ ቨርስታፐን ሲያሸንፍ ያሸንፋል፣ ሳይሆንለት ሲቀር ግን ባዶ እጁን ይገባል። ቆይ፣ ሽልማቱን ስማ። በማግስቱ ዓመት ሦስተኛው ፎርሙላ ዋን ገባ። አንደኛውን ደግሞ ጂፒ3 ወደሚባል ሌላ የጀማሪዎች ውድድር ላኩት።»

«ፈተናውን ያለፈው ክፍል ደገመ በለኛ!»

ቨርስታፐን ቶሮ ሮሶ የሚባለውን ቡድን መኪና ይዞ ሜልቦርን ላይ ሲሰለፍ 17 ዓመቱ ነበር። የመንገድ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ከዚያ ወዲህ፣ 18 ዓመት በሞላው ቀን ነው።

«ያለ መንጃ ፈቃድ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር? ትራፊክ ቢያስቆመውስ?»

«መጀመሪያ ይድረስበታ!»

የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ግን ነገሩ አላሳቀውም። ከ2016 ጀምሮ ፎርሙላ ዋን ለመግባት ዕድሜ 18 ይሁን፣ መንጃ ፈቃድም ይኑር፣ ከታች ካሉት ውድድሮች በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ ይጠራቀም አለ። ልጁ በመስኮት ከገባ በኋላ መስኮቱን በብረት ገጠሙት።

ኦኮን ጂፒ3 ላይ ምን አደረገ? በ2015 ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፈ። ከቀሩት ውድድሮች በብዙዎቹ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ አሁንም ሁለተኛ። ሻምፒዮን ሆነ።

«ሁለተኛ እየወጡ አንደኛ መውጣት! ይሄ የትኛው ሂሳብ ነው?»

«አንተ የለመድከው ሎተሪ ነው። ይሄ ዕቁብ ነው።»

ፎርሙላ ዋንን የረገጠው በ2016 ቤልጅየም ላይ ነው፤ ከኋላ በኩል ቢቆጠር አንደኛ በሚባለው ማኖር። ወንበሩ እንዴት ተገኘ መሰለህ? ኢንዶኔዥያዊው ሪዮ ሃርያንቶ ነበር የተቀመጠበት፤ ስፖንሰሮቹ የተስማሙበትን ገንዘብ ሞልተው መክፈል ሲያቅታቸው አስነሡት። ወራት ቆይቶ ማኖር ራሱ ከሠረ። ያኔ ኦኮን ፎርስ ኢንዲያ ገብቶ ነበር፤ ደህና ቡድን ነው፣ ነጥብ እየለቀመ ሁለት ዓመት ነዳ። በ2018 ክረምት ፎርስ ኢንዲያም ገንዘብ ጨረሰ።

«ይሄ ልጅ የገባበት ቤት ሁሉ ይፈርሳል እንዴ?»

«ስማ እንጂ፣ ገዢ መጣ።» ካናዳዊው ባለጠጋ ሎረንስ ስትሮል ባልደረቦቹን አስተባብሮ ቡድኑን ገዛ። ሎረንስ ደግሞ ላንስ የሚባል ልጅ አለው። ላንስም ሹፌር ነው። በ2019 በኦኮን ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?

ወዳጄ ፉጨቱን ለቀቀ። «ያንዱ አባት ለልጁ ቤት ሸጠ። ያንዱ አባት ለልጁ ቤቱን ከነጋራዡ፣ ከነሠራተኛው ገዛ።»

የሀብታም ልጅ ነው ብሎ መናቅ ግን ጽድቅ አይደለም። ላንስ በ2016 ያንኑ የአውሮፓ ፎርሙላ 3፣ ለዚያው ለፕሬማ እየነዳ አሸንፏል። በ18 ዓመቱ ባኩ ላይ ፎርሙላ ዋን ሦስተኛ ወጥቷል። መንዳት ያውቃል። ልዩነቱ እሱ ሲሳሳት በማግስቱ ወንበሩ እዚያው መሆኑ ነው። ኦኮን ሙሉውን 2019 በመርሴዲስ ተጠባባቂነት የሰው መኪና ሲዞር እያየ ከረመ።

ይሄ ደግሞ የእሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። ከፎርሙላ ዋን በታች ያለው የመጨረሻው ደረጃ ፎርሙላ 2 ነው፤ እዚያ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ተመልሶ እንዳይወዳደር ሕጉ ይከለክላል። ወጣህ፣ ወጣህ። በላይ ወንበር ከሌለ ዋንጫህን ታቅፈህ ደጅ ትጠናለህ። ኦስካር ፒያስትሪ በ2020 ፎርሙላ 3ን፣ በ2021 ፎርሙላ 2ን ወስዶ 2022ን ያለ ውድድር አሳለፈ። የ2023ቱ ቴዎ ፑርሼር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ኢንዲካር ገባ፤ ወንበር አገኘ በተባለ በሳምንታት ውስጥ ለሌላ ተሰጠበት።

«ማዕረግ ይዞ ሥራ ፍለጋ» አለ ወዳጄ። እሱም ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይቺን ሲናገር አልሳቀም።

የ2022ቱ ሻምፒዮን የፌሊፔ ድሩጎቪች ግን ይበልጣል። ተጠባባቂ የሆነው አስተን ማርቲን ውስጥ ነው፤ ያ የድሮው ፎርስ ኢንዲያ ነው፣ ባለቤቱም ስትሮል። በ2023 ውድድሩ ሊጀመር ሲል ላንስ ከብስክሌት ወድቆ ሁለቱም የእጁ አንጓዎች ተጎዱ። ድሩጎቪች በባሕሬን ሙከራ ላይ መኪናውን ነዳ። ዕድሉ ደረሰ ሲባል ላንስ ከነሕመሙ መጥቶ ገባና ስድስተኛ ወጣ።

«አባቱ ቡድን የገዛለት ልጅ፣ እጁ ተሰብሮም ወንበሩን አይለቅም!»

«ወንበር በእጅ መች ይያዛል፤ በቂጥ ነው እንጂ።»

ወደ ኦኮን ልመለስ። በ2020 ሬኖ ወሰደው፤ በማግስቱ ዓመት ቡድኑ ስሙን ቀይሮ አልፒን ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 2021፣ ሃንጋሪ። ዝናብ ጥሏል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቦታስ የሚባለው ሹፌር ፊቱ ያሉትን እንደ ቦውሊንግ ጠረገ፤ ላንስ ስትሮልም በዚያው ትርምስ ሌላ ሰው ገጭቶ ከውድድር ወጣ። ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆሞ እንደገና ሲጀመር ሁሉም ጎማ ሊቀይር ፒት ገብቶ፣ ሃሚልተን የሚባለው ሹፌር መነሻው ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ጓደኞቹ ትተውት እንደሄዱ ተማሪ። ከዚያ ሃሚልተን ከኋላ እየገሰገሰ መጣ፤ ያን ሰሞን 40 የሞላው የኦኮን የቡድን ባልደረባ አሎንሶ መንገዱን ዘግቶ ዙር በዙር አቆየው። ኦኮን ቀድሞ ገባ። ከኋላው ማን ነበር? ፌተል የሚባል ሹፌር፤ በአስተን ማርቲን፤ የኦኮንን ወንበር በወሰዱበት በዚያ ቤት መኪና።

«አላመንኩህም!»

«ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ጨርሶ አታምነኝም። ከውድድሩ በኋላ ለምርመራ ከታንኩ አንድ ሊትር ቤንዚን መገኘት አለበት። ከፌተል መኪና የወጣው 0.3 ሊትር ነው። ሁለተኛነቱን ሰረዙበት።»

ወዳጄ ከሶፋው ተነሣ። «ቡድን ሙሉ የገዛ ሰው አንድ ሊትር ቤንዚን ቸገረው?»

ቴሌቪዥኑ ላይ መኪኖቹ አሁንም ይዞራሉ። ወዳጄ ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። «አንተስ? ለልጅህ ብለህ ቤትህን ትሸጥ ነበር?»

«እሸጥ ነበር» አልኩት። «አከራዬ ከፈቀደች።»