ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?

በእስራኤል፣ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ያለው የኢንቴል ፋብሪካ ቺፕ የሚሠራው በናኖሜትር እየለካ ነው። አንዲት የአቧራ ብናኝ ሥራውን ታበላሻለች። ከዚያው ቀጠና ከፈረቃ የወጣ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ግን ቤቱ ሲገባ የሀገሩን መድኃኒት በእፍኝ ይወስዳል። ሰፍሮ መጠጣት ለነጭ ሐኪም ነዋ!

ጠያቂ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ቅጠል ነው እኮ፣ ምን ያደርጋል?»

ምን እንደሚያደርግ ኮሶን ይጠይቁ። ትሉን ያባርራል፤ አይካድም። ልኩን ሲያልፍ ግን የዓይንን ብርሃንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ ለነፍሰ ጡርም ያሰጋል።

የእስራኤል ነጋዴ ደግሞ የጫት ቅጠሉን ራሱን ትቶ ወደ እንክብል ተሻገረ። «ሃጊጋት» የተባለው እንክብል እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪታገድ ድረስ በየኪዮስኩ ይሸጥ ነበር። በአንዱ እንክብል ውስጥ 200 ሚሊግራም ካቲኖን ነበር፤ ካቲኖን የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ማስታወቂያው «ተፈጥሯዊ ማነቃቂያ» ይል ነበር። ከወሰዱት መካከል በልብ ሕመምና በአንጎል ደም መፍሰስ ሆስፒታል የገቡ አሉ፤ መቼም አልተነቃቁም አይባልም።

በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒክ ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል፣ የስኳር እንክብሏን በጥቁር አዝሙድ የምታወራርደው እናት «ምንም» ትላለች። ሁለቱ ተጋግዘው ስኳሯን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። እባክዎ፣ የቅጠሉን ስምና መጠን ለሐኪምዎ ይንገሩ።