ምቀኝነትና ዘመዶቹ፦ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል የተገኙ ማስረጃዎች

ለሌላው ሰው ክፉ መመኘትን አማርኛ እንደ ጤፍ ዘር ለያይቶ ስም አውጥቶለታል። ዘርፉ ግን እስካሁን ተገቢውን የምርምር ትኩረት አላገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሣ ሲሆን፣ የተካሄደው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ነው። ሁለቱ የተመረጡት የሚሲሲፒን ወንዝ ይዘው ጎን ለጎን ሲተያዩ የኖሩ ከተሞች በመሆናቸው ነው። በተጨማሪም አጥኚው ኪራይ የሚከፍለው እዚያ ነው።

በቅድሚያ ፍቺ። ቅናት የጎረቤትን ቶዮታ አይቶ «ምነው ለእኔም» ማለት ነው። ቀላል ሕመም ነው፤ ኦቨርታይም ያድነዋል። ምቀኛ ግን ቶዮታውን አይፈልግም። ቢሰጡት እንኳ «ነዳጅ ይበላል» ብሎ ይመልሳል። የሚፈልገው ጎረቤቱ አውቶቡስ ሲጠብቅ ማየት ብቻ ነው፤ ለራሱ ምንም ስለማይሻ ከግል ጥቅም የጸዳ ሰው ሊባል ይችላል። ምቀኝነት ሥራ ሲጀምር ተንኮል ይባላል። ቂም ለጊዜው የተቀመጠ ተንኮል ነው፤ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ሟርት መሣሪያም በጀትም አይጠይቅም። አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ሲከፍት ቀድሞ የገባው ደንበኛ ጥብሱን እያላመጠ «ቤቱስ ጥሩ ነበር፤ እዚህ ቦታ ግን ለማንም በርክቶ አያውቅም» ይላል። ሒሳቡን ከነቲፑ ከፍሎ ይወጣል። ሟርተኛ ቋጣሪ አይደለም።

እነዚህን ፍቺዎች ለመፈተን የሚኒሶታን በረዶ የሚያህል ቤተ ሙከራ አልተገኘም። በረዶው ሲበረታ ሚኒያፖሊስ «ስኖው ኢመርጀንሲ» ታውጃለች። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት በተመረጡ ዋና ዋና መንገዶች ግራም ቀኝም መኪና ማቆም ክልክል ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ከጧቱ 2 እስከ ምሽቱ 2፣ በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ባላቸው ቤቶች በኩል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በጎዶሎዎቹ በኩል መቆም አይቻልም። የተሳሳተ መኪና ተጎትቶ ይሄዳል። እንግዲህ ጎረቤትዎ መኪናዎ ሲጎተት አይቶ ዝም አለ እንበል። አዋጁን ካልሰማ ንጹሕ ነው። ሰምቶ «በሌሊት እንዴት እደውላለሁ» ካለ ይሉኝታ ነው። ሰምቶ፣ ቡናውን ይዞ፣ መጋረጃውን ከገለጠ ምቀኝነት ነው። ማታውኑ «ነገ ክልክሉ በጎዶሎ በኩል ነው» ብሎዎት ከነበረ ተንኮል ነው። በማግስቱ በራሱ መኪና የተጎተተው ወደሚገኝበት ግቢ ወስዶ፣ መንገዱን ሙሉ እያጽናናዎት ከሄደ፣ ያ ሸር ነው።

ከግለሰብ ወደ ከተማ ስናልፍ ማስረጃው ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1880 በተደረገው ቆጠራ ሚኒያፖሊስ መዲናዪቱን ሴንት ፖልን በሕዝብ ብዛት በለጠቻት። ከዚያ በኋላ መተኛት አልነበረም። በሰኔ 1890 ከሴንት ፖል በተነሣ ክስ የፌዴራል ማርሻል ሚኒያፖሊስ ገብቶ ሕዝብ ቆጣሪዎችን ከነመዝገባቸው ያዘ። ሁለቱም ከተሞች እንደገና ሲቆጠሩ ሚኒያፖሊስ ከ182,967 ወደ 164,738 ወረደች፤ ከሳሿ ሴንት ፖልም ከ142,581 ወደ 133,156። ከሚኒያፖሊስ «ነዋሪዎች» መካከል መቃብር ውስጥ ያሉ ተገኙ። ሴንት ፖል በበኩሏ በባቡር ጣቢያዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች አስፍራ ነበር። ጎረቤትን ለመብለጥ ሙታንን መቀስቀስ ከላይ ከተዘረዘሩት በየትኛው እንደሚመደብ አጥኚው ለመወሰን ተቸግሯል። ምናልባት አማርኛ ያልደረሰበት ብቸኛው ደረጃ ይህ ነው።

በግንቦት 1965 ደግሞ ሴንት ፖል ሰዓቷን ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሳምንት ቀድማ ወደፊት አዞረች። ድልድይ የተሻገረ ሁሉ አንድ ሰዓት ይጎድልበት ወይም ይተርፈው ነበር። ይህኛው ያለጥርጥር እልህ ነው።

በዚያው በ1965 ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል የጻፈው «ሰምና ወርቅ» ቺካጎ ላይ ታተመ። ሌቪን አንድ ነገር ተናግሮ ሌላ ማለት የሚችል ሕዝብ ለማጥናት እስከ መንዝ ድረስ ዘልቋል። ከቺካጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስድስት ሰዓት ያህል ቢነዳ ኖሮ ከበቅሎው ድካም ይተርፍ ነበር። የሚኒሶታ ሰው ከአፉ ክፉ አይወጣም፤ ይህንንም «ሚኒሶታ ናይስ» ይሉታል። ወጥዎን ቀምሶ «ኢንተረስቲንግ» ካለ ድስቱን ያንሡ። «ዳትስ ዲፈረንት» ካለ ቤት ይቀይሩ። ሃዋርድ ሞር የተባለ የአገሩ ቀልደኛ ይህን አነጋገር ለእንግዶች የሚያስተምር መጽሐፍ በ1987 አሳትሟል። አለቃ ገብረ ሐና ነገር ሲወረውሩ ቢያንስ የተወጋው ሰው መወጋቱን ያውቅ ነበር። እዚህ የተወጋው «ቴንክ ዩ» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱን ባህሎች ያዳቀለ ናሙናም ተገኝቷል፦ «ቤት ገዛችሁ አሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ኢንተረስቲንግ ሰፈር ነው። ወለዱ ስንት ገባ?»

አንድ እንቆቅልሽ ግን ሳይፈታ ቀርቷል። አዲስ አበባ ታክሲዎች ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተብሎ ይለጠፋል፤ ጸሎቱም የተሰማ ይመስላል፤ ምክንያቱም አጥኚው ያነጋገራቸው ሁሉ ምቀኛ አለባቸው። ምቀኛ ነኝ ያለ ግን አልተገኘም። ከቆጣሪው ስሕተት ካልሆነ በቀር ይህን ያህል ባለምቀኛ ያለ አንድም ምቀኛ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች የምትገኙ አንባቢዎች ሆይ፣ ስለ ጎረቤታችሁ የምትልኩት መረጃ ይበቃል፤ ማስቀመጫ አጥተናል። «ምቀኛው እኔ ነኝ» የምትሉ ካላችሁ ግን ቅረቡ። ቡናውም ትራንስፖርቱም በአጥኚው ወጪ ነው።